ልብ ሲሞረሙር

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 12 ቀን 1966 ዓ.ም.

የልብ ብግነት ሳጠና ዓመታት አለፉ፤ ወደዚህም የመጣሁት የሕሙማን ደም ልሰበስብ ነው። ዛሬ ከከላላ በእግራቸው የመጡ አንዲት እናት ደረታቸውን ይዘው፣ «ልጄ፣ ልቤን ይሞረሙረኛል» አሉኝ። የምፈልገውን በሽታ ያገኘሁ መሰለኝና ደስ አለኝ። ደማቸውን ቀድቼ ልባቸውን አዳመጥሁ። ደህና ነው። ግራ ገብቶኝ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኋቸው።

«እህል ካለቀብን ወዲህ።»

በእኛም ቤት ልብ የሚሞረሙረው ሲርብ ነበር። ከእናቴ አፍ እየሰማሁ ያደግሁትን ቃል ትምህርቱ አስረሳኝ።

ለመንገድ የያዝሁትን ዳቦ ሰጠኋቸው። «አላህ ይስጥህ» ብለው ተቀበሉ። ከዚያ የተወጋ ክንዳቸውን እያሹ፣ «ደሜን ግን መልስልኝ፤ በምን እተካዋለሁ?» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋቸው። አልሳቁም።