ከሥዕሉ ጀርባ ስለተነቀለው መስቀለኛ እንጨት

መስከረም 7 ቀን 1978 ዓ.ም.
ሸዋ ሮቢት

ለተከበሩ ጓድ ገብረሚካኤል
የታችኛው ሰፈር ቀበሌ ሊቀመንበር
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ፣ በዚህ ድንጋይ በሚያቀልጥ ሙቀት ኮትዎን ሳያወልቁ ለሚውሉት ለእርስዎ ለክቡርነትዎ ጤና፣ ዕድሜና ቀዝቃዛ ውኃ እመኛለሁ። የእኛን ደኅንነት ከጠየቁ፣ ማሽላውም ደህና ነው፣ ወባውም ደህና ነው፣ እኛም ከሁለቱ መሐል እንደ አቅማችን ደህና ነን። ደህና ያልሆኑት እርስዎ በእህል መጋዘኑ ውስጥ የቆለፉባቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ስለሆኑ፣ ስለ እነሱ ጥቂት ላስቸግርዎ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ይህን ደብዳቤ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ባለፈው የውይይት ክበብ ላይ «ሂስ የማያቀርብ ሰው አድኃሪ ነው» ብለው ጠረጴዛውን ሲመቱ ከፊት ወንበር ነበርኩ። አድኃሪ ከምባል ብዬ ነው። ከሰባተኛ ክፍል የቀረሁ ስለሆንኩ ፊደል ብገድፍ ይታረምልኝ፤ ሐሳቡን ግን ባያርሙብኝ ደስ ይለኛል።

ወፍጮ ቤቱ ከጀውሃም ከማጀቴም ሰው ስለሚመጣበት፣ ነገሩን ለማያውቅ መንገደኛ ከሥሩ ልጀምር። በሐምሌ ማለቂያ ከአዲስ አበባ ሦስት የወንጌል አማኞች፣ ማለትም ሰፈራችን ጴንጤ እያለ የሚያማቸው ሰዎች፣ ለአንድ ወር የእጅ ሙያ ሊያስተምሩን መጡ። ድርቁ ከብቱን ከጨረሰው ወዲህ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ወጣት ስለበዛ፣ እርስዎ ራስዎ ማኅተም መትተው ፈቀዱላቸው። ከሦስቱ አንዱ አናጢው ጋሼ ፀጋዬ ነው። አሁን ከታሰሩት ሁለቱ አንዱም እሱ ነው። ሁለተኛው አብሮን ሲማር የነበረው የእትዬ ሙሀባ ልጅ ሸሪፍ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ የቢሮ ሰው ቁጥር የሌለው ነገር አይነበብለትም ሲባል ሰምቻለሁ።

1ኛ. እንግዶቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ድምፅ አውጥተው ይጸልዩ ነበር። እርስዎ በቀበሌው ክልል ጸሎት ክልክል ነው አሉ፤ ተዉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ዝም ብለው መቆም ሲጀምሩ ደግሞ፣ የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ ጓድ ወርቁ «ዝምታቸውም ጸሎት ነው» ሲሉ ሪፖርት አደረጉ። ስለዚህ ዓይናቸውን ገልጠው መቆም ጀመሩ፤ ይህንንም እንዴት እንደሚከለክሉት እስኪወሰን ድረስ እኛ መላጊያ መያዝ ተማርን። ሸሪፍ «ቢስሚላህ» ሳይል መጋዝ አይነካም ነበር፤ ጋሼ ፀጋዬም «በል፣ ብቻ ጣትህን ጠብቅ» ይለዋል እንጂ ሌላ ቃል አልወጣውም። ለታቦት የሚሟገቱት እትዬ አስካለ እንኳ «ሃይማኖታቸው በሩቁ ይሁንልኝ፣ የመስኮቴን መዝጊያ ግን ይሥሩልኝ» ብለው መጥተዋል። እንዲህ ያለውን አደገኛ መስማማት በጊዜ ስላስተዋሉልን እናመሰግናለን።

2ኛ. ወሩ አልቆ ሁለቱ እንግዶች ወደ ከተማቸው ሲመለሱ፣ ጋሼ ፀጋዬን ያስቀሩት እርስዎ ነዎት። ለአብዮት በዓል የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ሥዕል የሚለጠፍበት፣ የቤት በር የሚያህል ሦስት ሰሌዳ እንዲሠራልዎ ጠየቁት፤ እሱም እምቢ ሳይል ሻንጣውን መልሶ ፈታ። ቀበሌው የሰጠን ስስ ኮምፔንሳቶ ነበር። በእኛ አገር ደግሞ ሌሊት ሲዘንብበት አድሮ ቀን ፀሐይ ሲመታው፣ ኮምፔንሳቶ እንደ ደረቀ ቆዳ ይጠቀለላል። ጋሼ ፀጋዬ ከእያንዳንዱ ሰሌዳ ጀርባ አንድ ቁም፣ አንድ አግድም እንጨት አስመታን። አናጢ ይህን መስቀለኛ ይለዋል። ከሙሴ ጀምሮ ነው ከኖኅ፣ እሱን አላውቅም።

በበዓሉ ዋዜማ ጓድ ወርቁ ለፍተሻ መጥተው የሌኒንን ሥዕል ገለበጡ። ጀርባውን ሲያዩ ያወጡት ድምፅ እባብ የረገጠ ሰው የሚያወጣው ነበር። እርስዎም እየሮጡ ደረሱና «ከመሪዎቻችን ጀርባ መስቀል ተሸሽጎ አይቆምም፣ ይነቀል» አሉ። ጋሼ ፀጋዬ መዶሻውን መሬት አስቀምጦ «ጓድ ሊቀመንበር፣ መያዣ ነው እኮ፤ ካልተያዘ ይጣመማል» ቢልዎ፣ በሰፈራችን እስከ ዛሬ የሚጠቀሰውን ቃል ተናገሩ፦ «የአብዮት ሥዕል አይጣመምም።» ሸሪፍ ጉጠት አመጣ። መስቀለኛው ተነቀለ። ሰሌዳዎቹም ያን ሌሊት ዝናብ ላይ አደሩ።

3ኛ. በበዓሉ ዕለት እርስዎ ከፊት ሆነው ሕዝቡን ያዩ ስለነበር ከጀርባዎ የሆነውን ሳያዩት እንዳይቀር እተርክልዎታለሁ። ፀሐይዋ እንደከረረች ኤንግልስ ቀስ ብሎ ወደ ማርክስ መታጠፍ ጀመረ፤ የሚያማክረው ነገር ያለ ይመስል ነበር። ማርክስ ሆዱን ነፋ። እርስዎ «ወደፊት እንጂ ወደኋላ የለም» በሚሉበት ሰዓት ሌኒን ሚስማሩን አስለቅቆ ወደኋላ ሄደ። ጓድ ወርቁ ዘለው ከሰሌዳው ጀርባ ገቡ፤ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘርግተው፣ ንግግርዎ እስኪያልቅ ሌኒንን ይዘው ቆዩ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ምን እንደሚመስሉ ለመናገር ድፍረቱ የለኝም። የተነቀለው እንጨት ግን ይህንኑ ሥራ ላብ ሳያልበው ይሠራው ነበር ማለት እችላለሁ።

ሕዝቡ ሳቀ። ስለ ሳቁ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ስላልሳቅን እንዴት እንደሚቆም ጠፍቶብን ነው።

4ኛ. ከዚህ በኋላ ቀልዱ አለቀ። ከሰዓት በኋላ ጋሼ ፀጋዬ መስቀል በመምታት፣ ሸሪፍ ደግሞ ያንኑ መስቀል በመንቀል፣ ሁለቱም በአሻጥር ተከሰው ታሰሩ። አንዱ በማድረግ፣ አንዱ በማፍረስ፣ በአንድ ክስ፣ በአንድ ክፍል። ሰባተኛ ክፍል ያቆምኩት ሒሳብ እያቃተኝ ስለነበር ይሆናል፣ የዚህን ስሌት ልደርስበት አልቻልኩም። ደግሞም የመስቀል አደኑ ይቀጥላል ከተባለ፣ የመጋዘኑ በር ከውስጥ በኩል በመስቀለኛ የተያዘ ነው። እባክዎ ቶሎ ያስነቅሉትና ከዚያ ወዲያ ለመቆለፍ ይሞክሩ።

5ኛ. ይህ ቅሬታ ቀልድ የለበትም፤ በእኔ ያልተለመደ ስለሆነ ቀስ ብለው ያንብቡት። ጋሼ ፀጋዬ የደጋ ሰው ነው፣ ወባችን አታውቀውም፣ እሱም አያውቃትም። ከትናንት በስቲያ ተዋወቁ። መጋዘኑ ከላይ ቆርቆሮ ነው፣ መስኮት የለውም። ሲያንዘፈዝፈው ሸሪፍ የገዛ ሸሚዙን አውልቆ አልብሶታል፣ ሲያቃጥለው ደግሞ የመጠጥ ውኃውን በግንባሩ ላይ ያፈስለታል። የጤና ጣቢያዋ ድሬሰር ናፊሳ ክሎሮኪን ይዛ ሦስት ጊዜ መጣች። ዘበኛው «ያለ ሊቀመንበሩ ፊርማ ክኒን አይገባም» ብሎ መለሳት። ትናንት ማታ ጋሼ ፀጋዬ የሰው ስም እየጠራ ይቃዣል ተባለ፤ የሚጠራው የልጁን ስም መሆኑን የነገረን ሸሪፍ ነው፣ በበሩ ስንጥቅ በኩል።

እትዬ ሙሀባ ከበሩ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ያመጡትን ምግብ ዘበኛው ለፍተሻ ይቀበላቸዋል፤ ፍተሻው የሚያልቀው ሳህኑ ባዶ ሲሆን ነው። እሳቸው ግን አልጮሁበትም። «ብላ ልጄ፣ አንተንም የወለደች እናት አለች። ለእነዚያ ግን ክኒኗን አስገባላቸው» ነው ያሉት። ዘበኛው ማኘኩን አቆመ ይባላል። በሩን ግን አልከፈተም፤ ፊርማዎ የለማ።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱም በጭነት መኪና ወደ ላይ፣ ወደ አውራጃ እንደሚላኩ ሰምተናል። አምና ከዚህ የተጫኑት ሰዎች ምን እንደደረሱ እስካሁን የነገረን የለም። በዚህ ትኩሳት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ያን ሁሉ ዳገት በክፍት መኪና ከወጣ፣ አውራጃው የሚረከበው ሬሳ ነው።

ስለዚህ የምንለምነው አጭር ነው። ክኒኑ ዛሬ ይግባ። ሁለቱ ሰዎች ከሐሙስ በፊት ይፈቱ። ሰሌዳው ለምን እንደተጣመመ ጠያቂ ከመጣብዎ ዝናብ ነው ይበሉ፤ እኛም ዝናብ ነው እንላለን። በዝናብ የሚታሰር ሰው የለም።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ፣ ሥዕል ሁሉ ቀጥ ብሎ እንዲቆምልዎ፣ ጭብጨባው እንዳይቋረጥብዎ፣ ከኋላዎ ያለውን ሳያዩ በሰላም ወደፊት እንዲጓዙ እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ ሥር ካለው አቧራ ጥቂት ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ታዛዥዎ
ዓለሙ፣ የአናጢ ተማሪ

ሳልጽፈው የቀረ፦ ሸሪፍ ጉጠቱን አመጣ እንጂ ብቻውን አልነቀለም። ትእዛዝዎን ሁላችን ተካፍለን ነው የፈጸምነው፤ አብራን የምትማረው ብዙነሽ ማርክስን፣ እኔ ኤንግልስን፣ ሌሎቹም የደረሳቸውን። መንቀል የሚያስጭን ከሆነ፣ ሐሙስ ጠዋት ሠልጣኞቹ በሙሉ ስንቃችንን ቋጥረን አስፋልቱ ዳር እንገኛለን፣ ከኋላ ከጭነቱ ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ጋቢናውን ማንም እንዳይዝብዎ ለሹፌሩ ነግሬያለሁ፤ ንቀሉ ብሎ ያዘዘ ሰው ከእኛ ጋር ከኋላ ቢቀመጥ ለሰፈራችን ነውር ነው።