ኦሪዮን ተብሎ ሲጠራ

ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ሶዶ

የፊታችን እሑድ የልጅ ልጄ በቤተ ክርስቲያን ይባረካል። ስሙን በጉባኤው ፊት የማሳውቀው እኔ ነኝ፤ በቤታችን ይህ የአያት ድርሻ ነው። ልጄ አስቴር ከኢንተርኔት «ኦሪዮን» የሚል ስም ካወጣችለት ወዲህ ግን አልጠራውም ብዬ «ሕፃኑ» እያልኩ ቆይቻለሁ።

ዛሬ ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ምክንያቴን ነገርኳት። ዱቦ ሚሲዮን ስማር መምህራችን የግሪኮችን ተረት በቃል አስጠንተውናል። ኦሪዮን አዳኝ ነበር። የምድርን አውሬ ሁሉ እገድላለሁ ብሎ ሲፎክር ጊንጥ ነድፎ ገደለው። ከሞተ በኋላ ኮከብ ሆነ ይላሉ።

«ታዲያ ኮከብ ከሆነ ምን አለበት?» አለችኝ።

«የሕፃኑ አባት የሁምቦ ሰው ነው። ሁምቦ ደግሞ ጊንጥ ሞልቷል።»

«እማዬ ደግሞ! ጊንጥ ስም ጠይቆ ነው እንዴ የሚነድፈው?»



ጤና ጣቢያ ደርሰን ጥቂት እንደቆየን ነርሷ ካርድ አንሥታ «ኦሪዮን!» ብላ ተጣራች። ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተነሡ። አስቴር ገና ፎጣውን እያጠፈች ነበር። ሦስተኛ የተነሣሁት እኔ ነኝ።

«የእኛ ነው!» አልኩ፣ ያውም ጮክ ብዬ።

ነርሷ ሳቀች። «ዘንድሮ ኦሪዮን ያልተባለ ልጅ የት አለ? የአባቱን ስም ይንገሩኝ እንጂ፣ እማማ።»

እስከ ቤት ድረስ የአስቴር ፈገግታ አልጠፋም። እኔም አልተቀየምኳትም። ለእሑድ ስሙን ደጋግሜ እየተለማመድኩት ነው። የጊንጡን ነገር ሲያድግ እኔው እነግረዋለሁ፣ ዕድሜ ከሰጠኝ…