የአባቴ ዋስ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6
ሰባተኛ ሰፈር፣ አባዬ መጋረጃ ሱቅ ዋልኩ። አንዲት ሴትዮ አሥራ አንድ መጋረጃ አስዘርግታ "ቀለሙ ደከም አለብኝ" ብላ ሄደች። አባዬ ራቅ እስክትል ጠብቆ "የደከመውስ አጣጣፊው!" አለ። ሳቅኩ። ቀልዱ ላይ ስለምስቅ ከሱ ጎን የቆምኩ ይመስለዋል። ይምሰለው...

እማዬ ፍርድ ቤት ፍቺ ከጠየቀች ሃያ ቀን ሆናት። ሌላ ሴት ይዟል። ነገ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ ክሱን ሊያስነሷት።

እሁድ፣ ኅዳር 7
ሦስት ሆነው መጡ። ሦስቱም የአባዬ ወዳጆች። ጋሽ ጠይብ ምክር የሚጀምሩት ከራሳቸው ሠርግ ነው። ሙሽራዋ ቤት እስክትደርስ ሻዩ ቀዘቀዘ። ጋሽ ፈርሀት ተኝተው ተኝተው ሲነቁ "እሱስ ልክ ነው" ይላሉ። ማን ልክ እንደሆነ አይጠየቁም። ጋሽ ሀብተሚካኤል የእድር ሰብሳቢ ናቸው፣ እጅ ሳያስወጡ አያናግሩም።

አባዬ ማለ። "ሴትየዋን ከተውኳት ስድስት ወር አለፈኝ፣ ወላሂ!"

እማዬን "እስቲ አንዴ ውጪልን" አሏት። አራት ጊዜ ወጣች። እሱ አንዴም!

"ክሱን አንሺ ናኢማ፣ ለኛ ስትይ።" እማዬ ልትረታ ነው... ያስታውቃል።

የሚመጣው እሁድ ሁለቱም ዋስ ጠርተው ይታረቃሉ ተባለ። ዋስ ማለት "ቃሉን ይጠብቃል፣ እኔ አለሁ" የሚል ሰው ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11
አባዬ የመጋረጃ ጨርቅ አስይዞ አማኑኤል ሰፈር፣ ልብስ ሰፊው ሙደሲር ጋ ላከኝ። "የደንበኛ ነው" አለኝ።

ሙደሲር ደግሞ "አባትሽ ቅዳሜ እራሴ እሰቅለዋለሁ ብሏል። ባለቤቱም ቀለሙን ወዳዋለች" አለኝ።

ባለቤቱ? እማዬ መቼ አየችው?

"የትኛው ቤት ነው የሚሰቀለው?"

"ኧረ እኔ ምን አውቄ! አዲሱ ቤታችሁ አይደል እንዴ?"

ስድስት ወር፣ ወላሂ። ቆይ አንተ!

ለእማዬ ልንገራት? "ዝም በይ፣ አባትሽ ነው" ብትለኝስ? አይሆንም። በነዚያ ሽማግሌዎቹ ፊት ነው የማዋርደው።

እሁድ፣ ኅዳር 14
እማዬ ወንድሟን ረዲን ዋስ ጠራች። አባዬ ተራው ሲደርስ "የኔ ዋስ? ይቺው ልጄ ሱሂ!" አለ። ሁሉም ሳቁ። ቀልዱ ነበር። እኔ ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"ተነሺ አንቺ! ልጅ ሽማግሌ መሀል ምን ትሠራለች?" ጋሽ ጠይብ ናቸው።

"ዋስ ነኝ ጋሼ። ዋስ ቆሞ ነው እንዴ የሚውለው?"

ጋሽ ሀብተሚካኤል ደንብ ይወዳሉ። "ጠርቷታል እኮ" አሉ። "እሺ ዋስ፣ አባትሽ ቃሉን ይጠብቃል ትያለሽ?"

እጄን አወጣሁ። "አልልም። ዋስትናዬን አውርጃለሁ።"

ሙደሲር ያለኝን አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩት። "ትናንት ተሰቅሏል። ካላመናችሁ ሙደሲርን ጠይቁት።"

ጋሽ ፈርሀት ነቁና "እሱስ ልክ ነው" አሉ። ሳቄን ዋጥኩት።

አባዬ አልካደም። እኔን ብቻ አየኝ።

"በል ሌላ ዋስ ጥራ" ተባለ። ሦስቱንም በተራ አያቸው። ሦስቱም ምንጣፉን አዩ። ከዚያ "እስቲ አንዴ ውጣልን" አሉት። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ደስ ሲል!

ሰኞ፣ ኅዳር 15
እማዬ ቀኑን ሙሉ ዘጋችኝ። ማታ ብቻ "ለብቻዬ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አለች። ክሱን ግን አላነሳችም።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 5
በር ተንኳኳ። ከዚያ እሁድ ወዲህ አባዬ ሲመጣ ዛሬ ገና ነው። ሳሉን አውቀዋለሁ።

"ማነው?" አልኩ እያወቅኩ።

"ሙናዊር።"

"የቱ ሙናዊር?"

ትንሽ ይቀጣ ብዬ ነው። "አባትሽ ነኛ!" ይለኛል፣ ወይ አንድ ቀልድ ይወረውራል ብዬ እጄን መወርወሪያው ላይ አድርጌ ጠበቅኩ።

"ልብሴን ልወስድ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "እናትሽ ካለች ጥሪልኝ።"

ጠራኋት።