ገመድ የተፈቀደለት፣ ብረት የተከለከለው የኋላ ፓራውልቴ

ለተሽከርካሪዎች ምርመራ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤና እጠይቃለሁ። በሩ ገርበብ ባለ ቁጥር ከጀርባው ብቻ ያየሁት የቢሮ ወንበርዎም ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነኝ። መኪናዬም ደኅና ናት፤ ለብዙ ሳምንታት ታርጋዋ ተፈትቶ ግቢዬ ውስጥ ቆማ ስለነበር ማንንም አልገጨችም። ለመንገድ ደኅንነት ስላደረጉት ስለዚህ አስተዋጽኦ በቅድሚያ ላመስግንዎ።

ትምህርቴ ብዙ አይደለምና አጻጻፌ ላይ ጉድለት ቢያገኙ ይለፉኝ። ነገሩን ለማያውቁት የቢሮዎ ሰዎችም ጥቂት ላስረዳ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የምኖረው ከእናቷ ጋር ነው። አማቴ መራመድ አይችሉም። የሚስቴ መቃብር ያለው ከከተማ ውጪ ኮረብታ ላይ ሲሆን መንገዱ ድንጋይና ቦይ ነው፤ ከፍ ያለች መኪና የያዝኩትም ለዚሁ ነው። መንገጫገጩን ተቀምጠው ስለማይችሉት ከኋላ ፍራሽ አንጥፌላቸው ተኝተው ይሄዳሉ። ፍራሹ ቦታውን ስለሚይዘው ባለጎማ ወንበራቸው መኪናዋ ውስጥ አይገባም፤ የኋላ ፓራውልቱ ላይ በተሠራለት መስቀያ ተንጠልጥሎ ይከተላቸዋል። መኪናዋ ከምትቆምበት አጥር እስከ መቃብሩ ያለው ደግሞ የእግር መንገድ ነውና፣ ያለ ወንበሩ አይደርሱም።

በቅርቡ ሐኪሙ ለብቻዬ ወደ ኮሪደሩ ጠርቶኝ «ደስ የሚላቸውን ነገር ያድርጉላቸው» አለኝ። ክቡርነትዎ የተማሩ ሰው ስለሆኑ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልተረጉምልዎትም። ደስ የሚላቸው አንድ ነገር ነው፤ ከልጃቸው መቃብር አጠገብ ጥቂት መቀመጥ። እንግዲህ ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

አንደኛ። ፓራውልቱ ከመኪናዋ ጋር ከፋብሪካ አልመጣም፤ የቀድሞው ባለቤት ያስገጠመው ከባድ ብረት ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ይህን ያውቃል፤ በየዓመቱ አይቶ አሳልፎታል። ችግሩ ያን የሚያህል ብረት የመኪናዋን አካል ከተሸከመው ሻንሲ ጋር የያዙት ሁለት ስስ ማቀፊያዎች ነበሩ። የወንበሩ ክብደት ሲጨመርባቸው በየጉድጓዱ ሲርገበገቡ ሰንብተው ሁለቱም ከመታጠፊያቸው ላይ ተሰነጠቁ። እኔም ለጊዜው ብዬ በገመድ አሰርኳቸው፤ እንደታሰሩም ለምርመራ መጣሁ። መርማሪዎ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ገመዱን በጣቱ ሳብ አድርጎ ለቀቀ፣ ከዚያም «በርቱ አባቴ፣ አጥብቀው አስረውታል!» ብሎ አሳለፈኝ። ስለ አድናቆቱ አመሰግናለሁ። በዕድሜዬ ከመሥሪያ ቤት ያገኘሁት ሙገሳ እሱ ብቻ ነው።

ገመዱ ኮረብታው ላይ ተበጠሰ። ፓራውልቱ በአንድ ጎኑ መሬት እያረሰ ሲጎተት ወንበሩ ተስፈንጥሮ ቦዩ ውስጥ ገባ። ከኋላችን እግረኛ ወይም ሞተር ብስክሌት አለመኖሩ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ የጽሕፈት ቤትዎ ሥራ ነው ካሉም አልከራከርም። አማቴ ፍራሻቸው ላይ እንደተኙ «ምንድን ነው የወደቀው?» አሉኝ። ወንበሩ ነው ስላቸው «ተወው፣ እሱም እንደኔ መውደቅ ይልመድ» አሉ።

ሁለተኛ። ከዚህ በኋላ ወደ በያጁ ሄድኩ። የተሰነጠቁትን አውልቀን ከወፍራም ላሜራ አዳዲስ ማቀፊያዎች ቆረጥን። ሸክሙ አንድ ቦታ ላይ እንዳያርፍ የሻንሲውን ጎን ተከትለው ወደ ፊት እንዲረዝሙ አደረግን። ብሎኖቹ ሲጠብቁ ሻንሲውን እንዳይጨፈልቁት በውስጡ የብረት ቱቦ አሳለፍን፤ መታጠፊያው ላይም ደጋፊ ብረት በየድን። በያጁ መከላከያ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ መኪናዋ አልቃ ይሄ ብቻ ይቀራል» አለኝ።

የመጨረሻዎቹን ብሎኖች ያጠበቅኩት ግቢዬ ውስጥ፣ መኪናዋ ሥር ተኝቼ ነው። አማቴ በመስኮት ሲያዩኝ ቆይተው «አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ቀብረህ ብረት አገባህ እንዴ?» አሉኝ። ቀልዳቸው ነው። እኔ ግን ከሥር እንደተጋደምኩ ራሴን ጠየቅኩ። እውነት ምን ፍለጋ ነው እንዲህ የምለፋው? ሚስቴ ስትታመም በእጄ ልጠግነው የምችለው ነገር አልነበረም። ሐኪሞቹ የራሳቸውን ሠሩ፣ እኔ ጸለይኩ፣ የእኔ መፍቻ የሚገባበት ቦታ ግን አልተገኘም። እዚህ ብሎን ላይ ግን መፍቻው ገባ፤ ዞረ፤ ጠበቀ። ዘይት እየተንጠባጠበብኝ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ክቡርነትዎ አስፈትተው የወሰዱት ብረት ብቻ መስሎዎት ከሆነ ብዬ ነው ይህን መጻፌ።

ሦስተኛ። ማንም ሳይጠራኝ፣ በሕግ ልሁን ብዬ ሥራውን ላሳይ በራሴ እግር መጣሁ። ለዚህ ሞኝነቴ ማንንም አልወቅስም። ያው መርማሪዎ ጎንበስ ብሎ አየና «አባቴ፣ ይሄ እኮ ከተፈቀደው ውጪ የተጨመረ ብረት ነው» አለ። «ገመዱስ?» ስለው «ስለ ገመድ መመሪያው ምንም አይልም» ብሎ ታርጋዬን ፈታ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ሲፈታም «ይቅርታ አባቴ» እያለ ነበር።

ከፓራውልቱ ሠሪ ድርጅት ማረጋገጫ ካመጣሁ ጉዳዩ እንደሚታይ ተነገረኝ። ድርጅቱ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ቦታው ላይ ዛሬ የሙሽራ ልብስ ይከራያል። ይህን ስናገር መዘጋቱን የሚገልጽ ማረጋገጫ ከራሱ ከድርጅቱ እንዳመጣ ታዘዝኩ። የታዘዝኩትን ሁሉ ለመፈጸም ስለምጥር የልብስ አከራይዋን ለመንኳት። በጣም አዘነችልኝ፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፤ ስለ ፓራውልት የምትመታው ማኅተም ግን አልነበራትም።

አራተኛ። የቀረኝ መንገድ «ወደ ነበረበት መመለስ» ብቻ ነው ተባለ። መለስኩት። በያጁ የገዛ ብየዳውን በግራይንደር ሲቆርጥ አንድም ቀልድ አልቀለደም። የተሰነጠቁትን አሮጌ ማቀፊያዎች ከቁርጥራጭ ክምሩ ውስጥ ፈልገን አወጣንና እንደ ቀድሞው በገመድ አሰርናቸው። መርማሪዎ አየ፣ አለፍኩ፣ ታርጋዬ ተመለሰ። ወረቀቴ ላይ «ለመንገድ ብቁ» የሚል ማኅተም አርፏል። ማኅተሙ ቀጥ ብሎ፣ ቀለሙም ሳይፈስ ስለተመታልኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

በዚያ ገመድ ላይ ግን ወንበሩን ለመስቀል ሕሊናዬ እምቢ አለኝ። ከኋላዬ የሚመጣውም የሰው ልጅ ነው። አንስቼ ጣሪያ ላይ እንዳልጭነው ጉልበቴ አይፈቅድም። አማቴ «ወንበሩን ተወውና እኔን ውሰደኝ፣ ከመኪና ሆኜ አያታለሁ» አሉ። ሄድን። አጥሩ ጋ ስንደርስ ከመስኮቱ የሚታየው ግንቡና የሌሎች ሰዎች መቃብር ሆነ። በጀርባዬ ላዝልዎት ስላቸው ጉልበቴን ከላይ እስከ ታች አይተው «ምነው፣ ሁለታችንንም በአንድ ቀን ሊቀብሩን?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ አለቀ። ከዚያ ሄጄ አይቼላቸው እንድመጣ ላኩኝ። ስመለስ ሣሩ አድጓል አልኳቸው። «አትነቅልላትም እንዴ?» አሉ። ተመልሼ ነቀልኩ። እጄ ላይ የቀረውን አፈር አይተው እጄን ያዙት፤ ለረጅም ጊዜ አልለቀቁትም። በመጨረሻም «በል ንዳ። በሚቀጥለው ስመጣ ወንበር አያስፈልገኝም፤ አራት ሰው ይበቃኛል» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ መሄድ አንስተው አያውቁም።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ውስጤን መርምሬያለሁ። አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያ ደስታ ንጹሕ እንዳልሆነ አውቃለሁና እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። በጸሎቴም አነሳዎታለሁ፤ ምን ብዬ እንደማነሳዎት ግን ገና አልወሰንኩም። መመሪያው ይለወጣል ብዬ አልጠብቅም። አንድ ቀን ቢለወጥ እንኳ አማቴን ይቀድማቸዋል ብዬ አላምንም። የጻፍኩት፣ ዝም ብል የተስማማሁ እንዳይመስልዎ ብዬ ነው።

ረጅም ዕድሜና ጤና፣ ለስለስ ያለ አስፋልት፣ እንዲሁም ማንም በር የማያንኳኳበት ሥራ እየተመኘሁልዎ፣ ስለ ጊዜዎ፣ ስለ መመሪያዎና ስለ ዝምታዎ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ለመንገድ ብቁ መሆኔ በማኅተም የተረጋገጠልኝ፣ መሄጃ ግን የሌለኝ፣
ታዛዥ ተገልጋይዎ

ማሳሰቢያ፦ አማቴ ያሏቸውን አራት ሰዎች ከወዲሁ በልቤ መርጫቸዋለሁ፤ ሁሉም ዕድሜያቸው የገፋ ጎረቤቶች ናቸው። ትከሻቸው በጽሕፈት ቤትዎ መታየት የሚያስፈልገው ከሆነ እባክዎ አስቀድመው ያሳውቁኝ። በዚያን ዕለት «ሄዳችሁ ነገ ተመለሱ» ብትሉን፣ እኛ ብንመለስም እሳቸው አይመለሱም።