ሐያት የምታጠናው እርድ

ይድረስ ለልጄ ለሐያት። አሰላሙ አለይኪ፤ አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

በስልክ፣ “አባዬ፣ እርድ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሰውነት የራሱን ጀርም ገዳይ እንዲያመርት ይቀሰቅሰው እንደሆነ እያጠናን ነው” ያልሽኝን ለጎረቤታችን ለበላይነሽ ነገርኳት። እሷ ግን እግሬን አይታ፣ “ጋሼ፣ ሐኪም ቤት ይሂዱ እንጂ” አለችኝ። ሽንኩርት ሳርም የወጋኝ ትንሽ እሾህ እኮ ነው፤ ከረመዳን በፊት። እርዱን በየቀኑ እቀባዋለሁ።

ሽንኩርቱን የአጎትሽ ልጅ ሰዲቅ ነቀለልኝ። አዛኑንም አሁን ከቤት ሆኜ ነው የምሰማው። እናትሽ አኼራ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ሰፍቶብኛል።

መምህርሽን ጠይቂልኝ፤ ስኳር ያለበት የሽማግሌ ሰውነትም ይቀሰቀሳል ወይ? ስንት ሳምንትስ ይፈጅበታል?

ፈተናሽን ሳትጨርሺ እንዳትመጪ። መቼ ነው የምትጨርሺው?

ዱዓዬ ካንቺ አይለይም።
አባትሽ አብዱረሂም፣ ከሸዋ ሮቢት።