ሩብ ዙር

ውድ ዕንባቆም፣

ጤናህን አልጠይቅህም፤ አባትህ «ከስቷል እንጂ ሸጋ ነው» ብለውኛል። እኔ ደኅና ነኝ ብልህ ደግሞ በውሸት ላይ ውሸት መጨመር ይሆንብኛል። ፊትህ ቆሜ ብነግርህ ይሻል ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ሴት የማትደርስበት ደሴት ገባህ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አሁን ግን ቀኑ አለቀብኝ።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ አባትህ መሪጌታ ከደጃቸው ቆመው አገኙኝ። «ምነው ጠፋሽ፣ ሕሊና?» አሉና መልሴን ሳይጠብቁ፣ «ልጄ የሦስት ዓመት አመክሮውን ጨረሰ። ቅዳሜ ሳምንት ቆብ ሊጭን ነው። ዮናስን የተፋው ዓሣ የኔንም ልጅ ተፋልኝ፤ ተመስገን!» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። የደስታ ይሁን የሌላ አልለየሁም። «እንኳን ደስ አለዎ» ብዬ ሄድኩ።

ዕንባቆም፣ ዓሣ አልነበረም። ያን ቀን ከውኃው በታች አየር ያሳጣሁህ እኔ ነኝ።

ቺሶሞን ታስታውሰዋለህ። ቦርሳውን በጀርባው አዝሎ፣ ካገኘው መኪና ላይ እየተሳፈረ፣ ሲያጣም በእግሩ ከማላዊ ጎንደር የገባው ሰው። በአገሩ ሐይቅ የአየር ሲሊንደር አዝሎ መጥለቅ ያስተምራል፤ ጣናም ለእንግዳ ይሆን እንደሆነ ሊያይ ነው የመጣው። የመጥለቂያ መሣሪያው በካርጎ እስኪደርስ ከወለቃ ተነሥተን እስከ ትክል ድንጋይ አብረን ተጓዝን። አንተ ድንኳን ትተክላለህ፣ እኔ ሽሮ አሳርራለሁ፣ ማለዳ አንተ ዳዊት ስትደግም እሱ «ዛሬም ይዘፍናል?» ይለኛል። ሥራ ጠፍቶ አስጎብኚ ሁሉ እጁን አጣጥፎ በተቀመጠበት ዘመን ለሦስታችን እንጀራ የተገኘ መስሎን ነበር። አንተም ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ ብለኸኝ ነበር። ይህን የምጽፈው ላስታውስህ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ላስታውስህም ብዬ ነው።

ጣና የወረድንበት ያ ማክሰኞ የነነዌ ጾም ሁለተኛ ቀን ነበር። አባትህ «በነነዌ ሱባዔ ውኃ ውስጥ? ምነው ልጄ፣ ሌላ ቀን ጠፋ?» አሉህ። አንተ ልትቀር ነበር። «ዮናስ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ከርሞ ወጥቷል፤ አንተ ሃያ ደቂቃ ፈራህ?» ብዬ የሳቅኩብህ እኔ ነኝ። ሣቅክና መጣህ።

ጀልባው ላይ ቺሶሞ ያንተን ሲሊንደር እንዳዘጋጅ ለኔ ሰጠኝ። መክፈቻውን እስከ መጨረሻው ክፈቺው ብሎ ሳምንት ሙሉ አስተምሮኛል። እናቴ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ቡታጋዙን «ሩብ ዙር ይበቃል፤ ከዚያ ካለፍሽ ቤቱን ታነጂዋለሽ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። እጄ የለመደውን አደረገ። የአየሩን መጠን የሚያሳየውን ጌጅ አየሁ፣ ሙሉ ነው። ሁለት ሦስቴ ተነፈስክበት፣ ሠራ። ቺሶሞ «ሙሉ በሙሉ ከፍተሻል?» ሲለኝ ዞር ብዬ እንኳ ሳላይ «አዎ» አልኩ። ሩብ ዙር ከውኃው በላይ ለሚተነፍስ ይበቃል። ወደ ታች በወረድክ ቁጥር ግን ሳንባ ብዙ አየር ይፈልጋል፤ በዚያች ቀዳዳ ደግሞ አያልፍም። ያነቀህ ይኸው ነው።

አፍንጫህ እየደማ ስትወጣ እኔ ጀልባው ላይ ነበርኩ። ቺሶሞ ደግፎ አወጣህ። ትንፋሽህ እንደተመለሰ የተናገርከው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «ከእግዚአብሔር ፊት ስሸሽ ያዘኝ» አልክ። ድጓህን አቋርጠህ አስጎብኚ በመሆንህ ሁልጊዜ ይቆረቁርህ እንደነበር አውቃለሁ። ያን ሰዓት «ኧረ መክፈቻው ነው!» ብልህ ኖሮ ሁሉም እዚያው ያበቃ ነበር።

የባሰው ገና ነው። አንተ ጀልባው ጫፍ ላይ ፊትህን ስትታጠብ ቺሶሞ ሲሊንደሩን አገላብጦ አየና «ይህን ካንቺ በኋላ የነካው ማነው?» አለኝ። «ራሱ ነው፤ ዘግቶ እንደገና ከፈተው» አልኩት። ቃሉ ሳላስበው ነው የወጣው ብልህ ደስ ባለኝ። አስቤ ነው። ማላዊ ወስዶ ሊያስተምረኝ ቃል ገብቶልኝ ነበርና እንዳይቀርብኝ ፈራሁ። ላንተም «በሳምንቱ እነግረዋለሁ፣ እስኪያገግም ነው» አልኩ። በሳምንቱ አንተ ደሴቱ ገብተሃል።

አምና ማላዊ ሄድኩ፤ እኔም እንደሱ ቦርሳ አዝዬ፣ ከመኪና መኪና እየተሳፈርኩ። ሐይቃቸው ከታች ድረስ ወለል ብሎ ይታያል፤ በየድንጋዩ ሥር ቢጫና ሰማያዊ ዓሣ ይርመሰመሳል። ብታየው ዳዊትህን የምትደግመው እዚያው ነበር። የትምህርቱ የመጀመሪያ ቀን ቺሶሞ ተማሪዎቹን ሰብስቦ፣ «ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ልጅ መክፈቻውን ራሱ ሩብ ዙር ብቻ ከፍቶ ሊሞት ነበር፤ እንደሱ እንዳትሆኑ» አለ። ተማሪዎቹ ሣቁ። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ በደብተሬ ጻፍኩት። አንተን ሲያነሱ አፌን አልከፈትኩም። ከዚያ ወዲህ ጠልቄ ሳለሁ አንዳንዴ ሳይቸግረኝ እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ መክፈቻውን እዳብሳለሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔ ሦስት ዓመት ፈጀ። ትናንት ለቺሶሞም ሁሉንም ጽፌ ልኬለታለሁ። የምስክር ወረቀቴን ቢነጥቀኝ ይንጠቀኝ።

«እንድመለስላት ፈልጋ የፈጠረችው ነው» ትል ይሆናል። እንድትመለስ እፈልጋለሁ፤ አልክድህም። መክፈቻውን ሩብ ዙር የከፈትኩትም ግን እኔ ነኝ። ወይም «እግዚአብሔር በሷ ስህተት ሊጠራኝ አይችልም ወይ?» ትል ይሆናል። ይችላል። ይህን ከእሱ ከራሱ ጋር ተነጋገርበት፤ እኔ በመካከል አልገባም። ብቻ ቆብ ስትጭን ግንዘት ይነበብብሃል፣ ለዚህ ዓለም ሞተሃል ትባላለህ። በኔ ውሸት እንድትሞት አልፈልግም።

ሕሊና

ጨርሼ ነበር፤ አንድ ነገር ልጨምር። ደብዳቤውን ሳላሽግ ለአባትህ ወሰድኩት። እንዲያነቡትም ነገርኳቸው። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ይሰድቡኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ወረቀቱን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩና፣ «ያን ቀን ቤት ስትገቡ ምልክት ነው ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ልጁ ራሱ ገና እየተጠራጠረ ነበር። ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም። ወደ ድጓው እንዲመለስልኝ ስመኝ ነበርና ደስ ብሎኝ ተቀበልኩት። ይህንንም ጻፊበት፣ ልጄ።» ይኸው ጻፍኩ።

ከዚያ ተነሡና መቋሚያቸውን አነሱ። «ቅዳሜን አልጠብቅም፤ ነገ ማለዳ ደብዳቤሽን ይዤ ጎርጎራ ወርጄ ወደ ደሴቱ እሻገራለሁ» አሉ።

እኔም አብሬያቸው እወርዳለሁ፤ እሳቸው እስኪመለሱ ጀልባው ማረፊያ ላይ እጠብቃለሁ። ብቻቸውን ከመጡም ይዣቸው ጎንደር እገባለሁ። ከጀልባው ስንት ሰው እንደሚወርድ ግን ከዳር ሆኜ እቆጥራለሁ።