ለቁስቋም የገባው ጃንጥላ

ልጄ ሄርሜላ፣ ዓይንሽን ያበራ አምላክ ውሎሽንም ያብራልኝ። እኛ ደህና ነን። ውሃ በሳምንት ሁለቴ ትመጣለች። አባትሽ ጉልበቱን እያመመው ዳገቱን ትቷል።

ስለቴን አስገባሁ። ሩቁ የሚደበዝዝብሽ፣ መስመሩ የሚጣመምብሽ ዓይንሽ በሌዘር ተሠርቶ መነጽርሽን ስለጣልሽ፣ ኅዳር ስድስት ለቁስቋም ማርያም ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። ለአስተዋዋቂው ወረቀት ሰጠሁት። በድምፅ ማጉያ አነበበው፦ «ወይዘሮ ጽጌረዳ፣ ‹ዕውር ምራት አልጎትትም› የተባለችው ልጃቸው ያለ መነጽር ስላየች ስለታቸውን አስገብተዋል።»

ወይዘሮ አዲሳለም ከፊቴ ቆማ ነበር። ልጇ ኪብሮን አንቺን ለማግባት ሽማግሌ ልላክ ሲል ያንን ቃል በሰፈሩ ያዞረችው እሷ ናት። ሕዝቡ እልል ሲል እሷም እልል ማለት ግድ ሆነባት።

ስንወርድ ክንዴን ያዘች።

«ጽጌዬ፣ የኪብሮንም ዓይን እየባሰበት ነው። የት ነው ያሠራችው?»

«ማርያም ናት ያዳነቻት።»

«እሱማ እሷ ናት። ሐኪሙስ?»

«አንቺም ተሳይ» አልኳት።

እስከ ቤቴ ድረስ ጣፈጠኝ።

ሲመሽ በመብራት ዙሪያ ቀለበት ይታየኛል ያልሽኝን ግን ወረቀቱ ላይ አልጻፍኩትም። እስካሁን አልለቀቀሽ ከሆነ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ። እዚያች ሴት ፊት ዓይንሽ ሙሉ ነው።

ትናንት ኪብሮንን መንገድ ላይ ሰላም አልኩት። መነጽሩን አድርጎ ዙሪያውን ፈለገኝ። በድምፄ ነው የለየኝ።

ልጄ፣ እመቤቴ በሄድሽበት ትከተልሽ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፦ የሐኪሙን ስም ለማንም አትንገሪ። እኔ ራሴ ሆዴ ራርቶ ደውዬ ብጠይቅሽ እንኳ አትንገሪኝ።

እናትሽ ጽጌረዳ